የማዶውን ትምህርት ቤት የከፈቱት የመምህር ድገመው የሕይወት ታሪክ

መምህር ድገመው በ1939 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከጡብ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የምድጃ ሰፈር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያዋ እኅታቸው ገና በሕፃንነቷ አርፋለች፤ ሁለተኛው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታላቅ ወንድማቸው ነው።

ስለ ትውልድ ሰፈራቸው ጥቂት መናገር ግድ ይላል፤ የሕይወታቸው ጉዳይ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ሰፈራችንንና ከተማውን የሚያገናኛቸው አንድ ድልድይ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ያለነውን የከተማው ሰዎች «የማዶ ሰዎች» ይሉናል፤ እኛም ስሙን አንጠላውም። ቁጥራችን ጥቂት ነው። የራሳችን ቋንቋ አለን፤ ሥራችንም ጡብ ነው። በከተማው የቆመ ግድግዳ ሁሉ ማለት ይቻላል ከማዶ ምድጃ በወጣ ጡብ የተሠራ ሲሆን፣ የማዶ ሰው ግን ከግድግዳው ውስጥ ተቀምጦ ብዙም አይታይም ነበር።

መምህር ድገመው ለትምህርት ሲደርሱ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ አባታቸው እጃቸውን ይዘው ድልድዩን አሻገሯቸውና ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ወሰዷቸው። የበሩ ዘበኛ አባታችንን በሥራቸው ያውቃቸው ስለነበር ገና ከሩቅ ሲያያቸው «ጡብ የሚገባው በጓሮ በር ነው» አላቸው። አባታችንም «ዛሬ ጡብ አላመጣሁም፤ ልጅ ነው ያመጣሁት» ብለው መለሱለት። ዘበኛው ጥቂት አሰበና በዋናው በር አስገባቸው። ይህን ታሪክ አባታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በኩራት ይናገሩት ነበር። ልጃቸው ከበሩ ካለፉ በኋላ የት እንደ ተቀመጡ ግን አልነገርናቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም።

የተቀመጡት በክፍሉ የኋላ ግድግዳ ሥር በሚገኝ ረዥም አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ተማሪዎቹ ወንበሩን «ድልድይ» ይሉታል። ቀድሟቸው ትምህርት ቤቱ የገባውን ታላቅ ወንድማቸውን ጨምሮ የማዶ ልጆች ሁሉ የሚቀመጡት በዚያ ነበር። ይህን ያዘዘ የተጻፈ ደንብ የለም፤ መምህራኑ «ቋንቋው እስኪገባቸው ነው» ይላሉ። ይሁን እንጂ ቋንቋውን የሚያስተምረን ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም። ትምህርቱ ለፊተኞቹ ይሰጣል፤ በመጨረሻ መምህሩ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ኋላ «ድልድዮች፣ ገባችሁ?» ይላል፤ እኛም በአንድ ድምፅ «አዎ» እንላለን። ከዓመት እስከ ዓመት የምንጠየቀው ይህ ብቻ ስለነበረ፣ አብዛኞቻችን ከከተማው ቋንቋ አጣርተን የምናውቀው ቃል «አዎ» ነበር። ብዙዎቹ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ወደ ጭቃው ተመለሱ። ትምህርት ቤቱም በየዓመቱ የማዶ ልጆች ትምህርት አይወዱም ብሎ ሪፖርት ያደርግ ነበር።

መምህር ድገመው አልተመለሱም። ከትምህርት በኋላ በምድጃው አጠገብ ጡብ እያገላበጡ፣ በክፍል የሰሙትን ባይገባቸውም እንኳ እንዳለ ቃል በቃል ያነበንቡታል፤ ታላቅ ወንድማቸውም የሚያውቀውን ያህል ይፈታላቸዋል። በዚህ መንገድ፣ ትምህርቱን ሁለት ጊዜ እየተማሩ፣ አንድ ጊዜ በጆሮ አንድ ጊዜ በልብ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። እናታችን «ይኼ ልጅ ጡቡን እያስጠና ነው ወይስ እየገለበጠ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ለመግባት ተፈተኑ፤ የጽሑፉን ፈተናም በከፍተኛ ውጤት አለፉ። በቃል ፈተናው ላይ ከፈታኞቹ አንዱ ማኅደራቸውን ተመልክተው «ከማዶ ነህ እንዴ? አትመስልም» አሏቸው። ፈታኙ ይህን ያሉት ለማመስገን ነው። መምህር ድገመውም «ምን ልምሰል ጌታዬ?» ብለው ጠየቁ። ሆኖም አሳለፏቸው። መምህር ድገመው በሕይወታቸው ከተሰነዘሩባቸው ስድቦች ሁሉ የከፋው የትኛው እንደ ሆነ በተጠየቁ ቁጥር ይህቺን «አትመስልም» ይጠቅሱ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. በመምህርነት ተመርቀው ራቅ ባሉ ወረዳዎች ለስምንት ዓመታት አገለገሉ። «ድገመው» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚያን ጊዜ ነው። ተማሪ በትክክል ሲመልስ ያመሰግኑና «ድገመው» ይላሉ፤ ሲሳሳትም አይቆጡም፣ አርመው «ድገመው» ይላሉ። ሰው የራሱ የሚሆነው ሁለተኛ ጊዜ የተናገረው ነገር ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። በ1963 ዓ.ም. ዛሬ በሐዘን ላይ ካሉት የልብስ ስፌት ባለሙያ ባለቤታቸው ጋር በሕግ ተጋቡ። ባለቤታቸው ሲቀልዱ «ለጋብቻ ጠይቆኝ እሺ ስለው እንኳ ድገሚው ብሎኛል» ይላሉ። መምህር ድገመው ይህን አስተባብለው አያውቁም። ከዚህም ጋብቻ ሁለት ሴት ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1968 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሆነ። አዲሶቹ ሹማምንት እያንዳንዱ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ይማር የሚል ዐዋጅ አወጡ። መምህር ድገመው ዐዋጁን በሬዲዮ እንደሰሙ የዝውውር ማመልከቻ አስገቡና ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ማዶ ተመለሱ። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሲቀርቡ ግን የክፍሉ ኃላፊ «መምህር፣ የመጣልን ዐዋጅ ነው፤ በጀት አይደለም» አሏቸው። መምህር ድገመውም «ዐዋጁ ይበቃኛል» ብለው ወጡ።

ትምህርት ቤቱን ሕዝቡ ሠራው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከምድጃው አንድ ዙር ጡብ ሰጠ። ለከተማው ሲሸጥ የኖረ ጡብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሳችን ልጆች ግድግዳ ሆነ። መስኮቶቹ በደንብ የማይገጥሙ፣ ጣሪያው በዝናብ ጊዜ የመምህሩን ድምፅ የሚውጥ፣ ክፍሎቹም አራት ብቻ ነበሩ፤ ነገር ግን የኋላ ወንበር አልነበረውም። መምህር ድገመው ወንበሮቹን በክብ አስደረደሯቸው።

መጽሐፍ አልነበረም። ቋንቋችን እስከዚያ ድረስ በጽሑፍ ብዙ ያገለገለ አይደለምና የማንበቢያውን ትምህርት፣ የሒሳቡንና የሳይንሱን ቃላት ሁሉ መምህር ድገመው ራሳቸው ከሽማግሌዎችና ከምድጃ ሠራተኞች እየጠየቁ አሰናዱ። ደብተርም ስላልነበረ ልጆቹ ፊደል የሚለማመዱት ገና ባልተተኮሰ እርጥብ ጡብ ላይ በእንጨት እየጫሩ ነበር፤ ትምህርቱ ሲያበቃ ጭቃው ተመልሶ ይቦካል። አንዳንዱ ጡብ ግን ሳይቦካ በስሕተት ወደ ምድጃ ይገባና ከነጽሑፉ ይወጣል። አንድ የከተማ ነጋዴ በአዲሱ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር አይቶ፣ በሰው አስፈትቶ፣ «ወንድሜ አህያ ነው» የሚል መሆኑን ሲረዳ ድልድዩን ተሻግሮ ሊጣላ መጣ። መምህር ድገመው ጽሑፉን በጥሞና ከመረመሩ በኋላ «ፊደሉ ምንም ስሕተት የለበትም፤ ስለ ፍሬ ነገሩ ከልጁ ጋር እንነጋገራለን» ብለው በአክብሮት ሸኙት።

የማስተማር ዘዴያቸው ግልጽ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይማራል። ከዚያ በኋላ የመንግሥት ቋንቋ፣ ማለትም የከተማው ቋንቋ፣ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ በየቀኑ ይሰጣል፤ እንደ መምህር ድገመው ልማድም ይደገማል። ከማዶ ትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ከተማው ያለፉት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መምህራኑን አስገረሙ። እንደ ልማዱ ድልድይ ላይ ቢቀመጡም «ገባችሁ?» ሲባሉ «አዎ» ብለው አያበቁም፤ እጃቸውን አውጥተው ይጠይቃሉ። በሁለተኛው ዓመት ከመካከላቸው ሦስቱ ወደ ፊት ወንበር ተዛወሩ። የመምህር ድገመው ምኞት አንድ ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንዲደርስ፣ ከዚያም ከእርሳቸው በኋላ እንዲኖር።

በ1977 ዓ.ም. በላይ ያሉት ሹማምንት ሐሳባቸውን ለወጡ። የትምህርት ቤት ቋንቋ መብዛት ወጪ ያበዛል፣ አንድነትንም ያላላል ተባለ። በየስፍራው ያሉት የቋንቋ ትምህርት ቤቶች እንዲመረመሩም ታዘዘ። መመሪያው እንደሚለው፣ ተማሪዎቹ በመንግሥት ቋንቋ ትምህርት መከታተል የማይችሉ ሆነው ከተገኙ ትምህርት ቤቱ ይቀጥላል፤ ከቻሉ ግን ወደ ከተማው ይጠቃለላሉ። ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ቡድን ወደ ማዶ እንደሚመጣ ተነገረ።

መምህር ድገመው ልጆቹን ሰብስበው «የምታውቁትን በቋንቋችሁ ተናገሩ፤ እንግዶቹ አስተርጓሚ ይዘው ይመጣሉ» አሏቸው። ይህን የነገሩት ለልጆቹ ብቻ ነው። የክፍል ጉዳይ በክፍል ያልቃል ብለው ስላመኑ ለወላጆች መንገር አስፈላጊ ሆኖ አልታያቸውም።

እዚህ ላይ ስለ ሕዝባችን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በማዶ ሰው ዘንድ፣ እንግዳ ባለበት እንግዳው በማይሰማው ቋንቋ መናገር ትልቅ ነውር ነው፤ ሰውየውን ፊት ለፊቱ ቆሞ እንደ ማማት ይቆጠራል። ጡብ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ባለበት ባልና ሚስት እንኳ እርስ በርሳቸው በቋንቋችን አይነጋገሩም። ከዚህ የተነሣ የከተማው ሰው ከእኛ ጋር ስንት ዘመን ሲገበያይ ኖሮ ቋንቋችንን በጆሮው ሰምቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። ይህ ጨዋነት ነው። ጥፋት ነበር ብሎ የሚጽፍ እጅ የለንም።

እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት ጠዋት እናቶች ልጆቻቸውን አጠቡ፣ ፀጉራቸውን አበጠሩ፣ ልብሳቸውን ተኮሱ። የምድጃ ሠራተኞቹ አለቃ የሆኑት ሽማግሌ ልጆቹን በትምህርት ቤቱ ግቢ አሰልፈው «እንግዶቹ በሚሰሙት ተናገሩ። ያልሠለጠነ ሕዝብ ነው እንዳታስብሉን» ብለው አዘዟቸው። መምህር ድገመው በዚያ ሰዓት እንግዶቹን ሊቀበሉ ድልድዩ ላይ ነበሩና ይህን አልሰሙም።

የቡድኑ ሰብሳቢ ወፍራም፣ መነጽር ያደረጉ፣ በጣም ትሑት ሰው ነበሩ። ከየቤቱ በተሰበሰቡት ወንበሮች ላይ ተቀመጡና የላይኛውን ክፍል ተማሪዎች ስለ ወንዙ ጠየቁ፤ ከየት ይነሣል፣ ወዴት ይፈስሳል፣ ለምን በክረምት ቀለሙ ይለወጣል። አስተርጓሚው አፉን ሊከፍት ሲል፣ የመምህር ድገመው የመጀመሪያ ልጅ፣ ያኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረችው፣ ብድግ አለችና በጠራ የመንግሥት ቋንቋ «አስተርጓሚ አያስፈልግም ጌታዬ፤ እርስዎ በሚሰሙት እንመልሳለን» አለች። ጥያቄውንም አንድ በአንድ መለሰች። ከዚያ ሌላው ተነሣ፤ ከዚያም ሌላዋ። የቃል አወጣጣቸው ከከተማ ልጆች የማይለይ ነበር። ከመንግሥት ቋንቋ ሰላምታ ብቻ የተማሩት ትናንሾቹ እንኳ ሰላምታቸውን አሳምረው አቀረቡ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። በመስኮት የቆሙት ሽማግሌ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ።

ልጅቱ መልሷን እንደ ጨረሰች አባቷን ተመለከተች። መምህር ድገመው «ጥሩ ነው፤ ተቀመጪ» አሏት። በዚያ ክፍል «ድገሚው» ሳይሉ የቀሩት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ሰብሳቢው ሲወጡ የመምህር ድገመውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «እንኳን ደስ አለዎት! ችግሩን እኮ ራስዎ ፈትተውታል» አሏቸው። መምህር ድገመው ልጆቹ የመንግሥትን ቋንቋ ሊያውቁት የቻሉት በገዛ ቋንቋቸው ማሰብ ስለ ጀመሩ መሆኑን፣ መሠረቱ ከተነሣ ቤቱ እንደማይቆም ለማስረዳት ሞከሩ። ሰብሳቢው በትዕግሥት አዳመጡና «ዋናው ነገር ችለዋል» ብለው ወደ መኪናቸው ገቡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያዩትን ጻፉ።

በቀጣዩ ዓመት የማዶ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ልጆቹ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ገቡ፤ ለእነርሱም የተዘጋጀው ያው የኋላ ወንበር ነበር። ትልልቆቹ እንደ ምንም ተቋቋሙት። ትናንሾቹ ግን፣ ሰላምታ ብቻ ተምረው የነበሩት፣ ቀኑን ሙሉ ከማይገባቸው ድምፅ ጋር ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። በመጀመሪያ የቀሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ቀጥሎም ወንዶቹ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዚያ ክብ ክፍል ልጆች አብዛኞቹ በምድጃው ዙሪያ ጭቃ ሲረግጡ ታዩ።

መምህር ድገመው ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ተዛውረው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ተደረጉ። ክፍል አልተሰጣቸውም፤ ምክንያቱም አልተነገራቸውም። ጠዋት ጠዋት በድልድዩ ላይ ሲያልፉ ጡብ የተሸከሙ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይገጥሟቸዋል። ልጆቹ ሲያዩአቸው ፊታቸውን ወደ ወንዙ ያዞራሉ። እርሳቸው ግን እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ በማዶ ቋንቋ ሰላምታ ይሰጡ ነበር። ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የማዶ ልጆችን እያስጠኑ ሳለ፣ የመደበኛውን ትምህርት ሥርዓት ይጻረራል ተብሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ማስጠናቱንም አልተዉም። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ በዚሁ ሥራ ቆዩ።

ትልቋ ልጃቸው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ተማረች። ዛሬ የታወቀች ፋርማሲስት ናት። ያን የአጣሪዎቹን ቀን በተመለከተ ከአባቷ ጋር ለብዙ ዓመታት አልተነጋገሩም። የራሷን ልጅ ስታሳድግም በቤቷ የሚነገረው የከተማው ቋንቋ ብቻ ሆነ።

መምህር ድገመው ጡረታ በወጡበት ዓመት መንግሥት እንደገና ተለወጠ፤ ፖሊሲውም እንደገና ተለወጠ። የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ይከፈቱ ተባለ። አዲሱ መመሪያ ለማዶ ትምህርት ቤት በጀት ሳይቀር ያዘ፤ ሆኖም በቂ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ይጠይቃል። መምህር ድገመው ሽበታቸውን በባርኔጣ ሸፍነው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ።

በየበሩ በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ወንበር አወጡላቸው፤ ውኃ አቀረቡላቸው። ማንም እምቢ አላላቸውም፤ እሺ ያላቸውም ጥቂት ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ እየፈረፈረ «መምህር፣ ሲዘጋስ?» አላቸው። መምህር ድገመው ውኃውን ጨርሰው፣ አመስግነው ተነሡ። የማያውቁትን ደግሞ አይናገሩም።

በመጨረሻ ወደ ትልቋ ልጃቸው ቤት ሄዱ። የልጅ ልጃቸው ያኔ ለአንደኛ ክፍል ደርሳ ነበር። እርሷ ከተመዘገበች ሌሎቹም ይከተላሉ የሚል ተስፋ ነበራቸው። ልጃቸው ግን እንዲህ አለቻቸው፦ «አባዬ፣ የተማርኩት ካንተ ነው፤ ያስተማርከኝን የትም አልጣልኩትም። ግን ይከፍቱታል፣ ከዚያ ሌላ ሹም ይመጣና ይዘጉታል። እኔ መሃል ላይ የቀሩትን ልጆች አይቻለሁ። ያን ቀን ብድግ ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ልጄን መሃል ላይ አላስቀራትም።»

መምህር ድገመውም «ያን ቀን የተናገርሽው ትክክል ነበር» አሏት፤ «አሁንም ልክ ነሽ።» የልጅ ልጃቸውን ግንባሯን ስመው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ቤት አልሄዱም።

ተመዝጋቢ ስላልሞላ ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም። በጀቱ ተመለሰ፤ ሕንፃው የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሰፈረው ምክንያት «ሕዝቡ ራሱ አልፈለገም» የሚል ነው። ለዛሬው የሐዘን ሥነ ሥርዓት ስለ ትምህርት ቤቱ ይህ ቃል እንዲገባ በቅን ልቦና ያሳሰቡን ባለሥልጣን አሉ። አላስገባነውም። ሕዝቡ አልፈለገም ማለት ልክ አይደለም። ሕዝቡ ያጣው እምነት ነው፤ እምነት ያሳጣውም ማን እንደሆነ ይህን የሕይወት ታሪክ ያነበበ ሁሉ ይገባዋል።

መምህር ድገመው የቀረውን ዘመናቸውን በጸጥታ አሳለፉ። ጠዋት በእግራቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ጋዜጣ ያነባሉ፤ በጋዜጣው የሚያገኙትን የአጻጻፍ ግድፈት በቀይ እስክርቢቶ አርመው ለአዘጋጆቹ ይልካሉ። አንድም ቀን መልስ አልመጣላቸውም፤ መላካቸውንም አላቋረጡም። የማዶ ልጆች መንገድ ላይ በከተማው ቋንቋ ሲጫወቱ ቆመው ያዳምጧቸዋል፤ በደንብ እንደሚናገሩት ይመሰክሩና ይሄዳሉ።

በ2012 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አገኛቸው። በከተማው ሆስፒታል ለሁለት ዓመታት ሲታከሙ ቆዩ። ወጣቱ ሐኪም ስለ ሕመማቸው ፈጠን ፈጠን እያለ ሲያስረዳቸው አስቁመው «ልጄ፣ ድገመው፤ ቀስ ብለህ» አሉት። ሐኪሙ ደገመው። በሁለተኛው ጊዜ በጣም ጥሩ አስረዳ ብለው ለነርሷ መሰከሩለት። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከጎናቸው ያልተለየችው ትልቋ ልጃቸው ናት። የሚነጋገሩት በማዶ ቋንቋ ነበር። ነርሶች ሲገቡ ወደ ከተማው ቋንቋ ይመልሱታል፤ ሲወጡ ይቀጥላሉ። የተነጋገሩት ምን እንደሆነ ልጃቸው አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

መምህር ድገመው በተወለዱ በ75 ዓመታቸው፣ ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው በሐዘን ላይ ናቸው። በከተማውና በምድጃው ሰፈር ያሉት ተማሪዎቻቸውም ከቤተሰቡ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዛሬ ሥራቸውን ጥለው፣ ምድጃውንም ሳያቀጣጥሉ መጥተዋል።

ይህ ጽሑፍ ተነብቦ እንዳበቃ በመቃብሩ አጠገብ የስንብት ቃል ይነገራል። የምትናገረው ትልቋ ልጃቸው ናት። እንድትናገር የጠየቃት ሰው የለም፤ ራሷ ጠይቃ ነው። ንግግሩ በማዶ ቋንቋ ሲሆን ወደ ሌላ ቋንቋ አይተረጎምም። የገዛ ልጇም ከማይሰሙት መካከል ናት፤ ከእንግዶቻችን ጋር ቆማ ታዳምጣለች። ቋንቋውን የማትሰሙ ወዳጆቻችን እስኪያበቃ ድረስ ከእኛ ጋር እንድትቆሙ በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።

ፈጣሪ የወንድማችንን የመምህር ድገመውን ድካም አይቶ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበልልን፤ እኛንም ሐዘኑን የምንሸከምበት ትከሻ አይንሳን።